ወደ ጎን ሰባት

«እጅህን አንሳ፣ ቀለሙ አልደረቀም» አለችኝ አክስቴ። እኔ ግን ቀድሜ ነክቼው ነበር። አውራ ጣቴ ጠቆረ፣ ጥቁሩ ካሬ ደግሞ ጭራ አወጣ። ቀና ብላ አየችኝና ምላጭ አንስታ ጭራውን ፋቅ ፋቅ አድርጋ አጠፋችው። ከዚያ ጣቴን በምራቋ አርጥባ በቀሚሷ ጠረገችልኝ። «አባትህ እንዳያይ» አለች።

አባቴ የዕለታዊ ጋዜጣ አራሚ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ስህተት ሲለቅም ነው የሚውለው። የሚወደው ሥራ ግን በመጨረሻው ገጽ የምትወጣው መስቀለኛ ቃላት ናት። እሷን የሚሠራት እሱ ራሱ ነው። በየቀኑ ርዕስ አላት፤ አንድ ቀን የአናጺ ዕቃ፣ አንድ ቀን የሰውነት ክፍል፣ አንድ ቀን ዝናብና ዝናብ ነክ ነገር። በማግስቱ መልሱ ሲወጣ አባቴ ከሥሩ «ማብራሪያ» ብሎ አስር መስመር ይጽፋል፣ ቃላቱ ለምን አንድ ቤት እንደገቡ የሚያስረዳ። ሰው ጋዜጣውን የሚገዛው ለዜናው ይሁን ለዚያች አስር መስመር እኔ አላውቅም። አባቴ ግን ለእሷ ነው ይላል፣ ሳይቀልድ።

ካሬዎቹን የምታሰምረው አክስቴ ናት። የአባቴ ታናሽ እህት፣ ያኔ ሃያ አምስት ዓመቷ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ከእኛ ጋር ነበረች፤ ያሳደገችኝም ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት። ሁለት ወረቀት ታዘጋጃለች። አንዱ ባዶ ነው፣ ለማተሚያ። ሌላው መልሱ የተሞላ፣ ለሚቀጥለው ቀን። እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ወንበር ላይ ተንበርክኬ አያታለሁ። ሁሌም ከማዶ ስለሆንኩ ተገልብጦ የተጻፈ ማንበብ የቻልኩት ቀና ብሎ የተጻፈ ማንበብ ከቻልኩ ጋር እኩል ነው። ይህን ማንም አያውቅም ነበር። ስምንት ዓመቴ ነዋ። አጠገቤ የሚወራው ሁሉ «ተይው፣ ልጅ ነው፣ አይገባውም» የሚባልበት ዕድሜ። እውነትም አይገባኝም ነበር፤ አለመረዳቴ ግን እነሱ እንዳሰቡት ዓይነት አልነበረም።

ያን ቀን ቀለሙን የነካሁባት ወረቀት የቅዳሜዋ ነበረች። ርዕሷ «ልብስ ስፌት ቤት»። ርዕሱን ያመጣችው አክስቴ ናት፣ ሰኞ ቁርስ ላይ ለአባቴ ሻይ እየቀዳች።

«ጋሼ፣ የስፌት ቤት ሠርተህ ታውቃለህ?»

«የስፌት ቤት ምን አለው?»

«ምን የሌለው አለ? መርፌ፣ መቀስ፣ ካውያ፣ እጅጌ፣ ኮሌታ…»

«ይሄን ሁሉ ከየት ለቀምሽው አንቺ?»

«ቀሚሴን ላሳጥር ስሄድ አይቼ ነዋ።»

«ያንቺ ቀሚስ ደግሞ ስንት ጊዜ ነው የሚያጥረው? በቅርቡ ሸሚዝ ይሆናል እኮ።»

ሳቀች። ጆሮዋ ቀላ። እኔ ሻዩ ያቃጠላት መሰለኝ።

የልብስ ሰፊው ሱቅ ከእኛ በር ትይዩ ነው፣ መንገዱን ተሻግሮ። ቀጭን፣ ሳቂታ ሰው፣ ሜትር አንገቱ ላይ፣ ጠመኔ ጆሮው ላይ። ማታ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ጋዜጣውን ጠቅልሎ ይመጣና ከአባቴ ጋር ይጨቃጨቃል።

«ጋሼ፣ ዛሬ በደሉኝ። 'ከእንጨት የሚወለድ' ብለው ጽፈው፣ እኔ ወንበር ብዬ ቀኑን ሙሉ ስታገል ዋልኩ።»

«ሰጋቱራ ነው።»

«ሰጋቱራ ይወለዳል?»

«መጋዝ ያዋልደዋል።»

«እርስዎ እኮ ከእንጨትም ጋር ይቀልዳሉ» ይልና ይቀመጣል። አክስቴ ሻይ ታቀርብለትና ዘወር ትላለች፤ አንድ ቃል አትተነፍስም። ስለዚህ አክስቴ ልብስ ሰፊውን አትወደውም ብዬ ነበር የማስበው። ያሳዝነኝ ነበር፣ ምክንያቱም እኔ በጣም እወደዋለሁ። አለቃዬ እያለ ይጠራኛል። ጠመኔውን ያስነካኛል።

የቅዳሜዋ መስቀለኛ ቃላት ውድድር ነበራት። ባዶው ካሬ ብቻ ያለበት መላኪያ ቅጽ ከጋዜጣው ይቆረጣል፣ ይሞላል፣ ከታች በሁለት መስመር የራስህን ማብራሪያ ትጽፍና በፖስታ ትልካለህ። ያሸነፈ ሰው ስሙ ይወጣል፣ መዝገበ ቃላትም ይሸለማል። የጋዜጣው ሠራተኛ ቤተሰብ መወዳደር ክልክል ነው። ልብስ ሰፊው ሁለት ዓመት ሙሉ ልኮ አንድም ቀን አላሸነፈም። አንድ ማታ አባቴ ጨዋታ ደርቶለት፣ «አንተ ቅዳሜን አሸንፍና ቤቴ ገብተህ የፈለግከውን ጠይቀኝ። እምቢ ካልኩህ ሰው አይደለሁም» አለው።

ልብስ ሰፊው መሳቁን አቆመ። «የፈለግኩትን?»

«የፈለግከውን።»

አክስቴ ብርጭቆ ልታነሳ ጎንበስ ብላ ነበር፤ እንደጎነበሰች ቀረች። እኔ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ልብስ ሰፊው የፈለገው የአባቴን የቀለም ብዕር ነው፣ ያቺን ወርቃማ ክዳን ያላትን። ማንስ የማይፈልጋት አለ?

አሁን ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ምን እንደፈለገ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ሱቁ ሄድኩ። ልብስ ሰፊው ጋዜጣው ላይ ያለውን ሞልቶ ጨርሷል፤ ፊቱ በርቷል። የገዛ ሥራው ነዋ፣ ማን ይበልጠዋል? ሁለቱን መስመር ማብራሪያ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦ «እዚህ ያሉት ሁሉ ሌላውን ያለብሳሉ፣ ራሳቸው ግን አይለብሱም።» ከዚያ መላኪያውን ቅጽ ዘረጋልኝ።

«አለቃዬ፣ አንተ ገልብጥልኝ። የእኔን ጽሑፍ ዳኞቹ ሲያዩ ዶሮ የላከችው ነው የሚመስላቸው። ያንተ ፊደል ማተሚያ ነው።»

የእኔ ፊደል ማለት የአክስቴ ፊደል ነው። እጄን በእጇ ይዛ ነው ያስጻፈችኝ፤ የ«ለ» እግሯ፣ የ«ር» መታጠፊያዋ፣ ሁሉም የእሷ። ትምህርት ቤት መምህሬ «ይሄን ትልቅ ሰው ነው የጻፈልህ» ብላ ቆንጥጣኝ ታውቃለች።

መገልበጥ ጀመርኩ። መርፌ። ኮሌታ። ካውያ። ወደ ጎን ሰባት ላይ ስደርስ ቆምኩ። እሱ «ሜትር» ብሏል። በአክስቴ ወረቀት ላይ ግን በዓይኔ ያነበብኩት «ገበር» ነው። ልብስ ሰፊው ጀርባውን ሰጥቶኝ ሱሪ ይተኩሳል፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ ይወዛወዛል። አይ ምስኪን፣ አንገቱ ላይ ያለውን ነው የጻፈው አልኩ። ብነግረው ደግሞ ከየት አወቅክ ይለኛል። ስለዚህ ዝም ብዬ አስተካከልኩለት። ሁለት ካሬ ብቻ ናት፤ መጨረሻዋ «ር» እንዳለች ነች፣ ከመርፌ ጋር የምትገጥመው እሷ ናት። ፍንጩን አላነበብኩም። መልሱን የማውቅ ልጅ ፍንጭ ለምኔ?

ፖስታውን በምላሴ አሸግኩት። ሳጥኑም ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ወደ ቤት ስመለስ እየዘለልኩ ነበር።

ሐሙስ አባቴ በቀን መጣ። በቀን መጥቶ አያውቅም። ኮቱን ሳያወልቅ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ።

«ተቀመጪ» አላት አክስቴን።

«ምን ሆነህ ነው ጋሼ? ፊትህ…»

«ተቀመጪ አልኩሽ። የቅዳሜዋ፣ ወደ ጎን ሰባት ምን ነበረች?»

«ገበር» አለች ቶሎ፣ ፈተና እንደተጠየቀ ሰው።

«ገበር። ከእኔና ካንቺ ሌላ ወረቀቱን ያየ አለ?»

«ማን ያየዋል?»

«ዓርብ ቢሮ ስደርስ ገበርን ከሦስት ሳምንት በፊት እንዳወጣሁት አየሁ። እዚያው ቀየርኩት። ፍንጩን 'አንገት ላይ ተንጠልጥሎ የሚውል መለኪያ' አልኩት። አንባቢው በሙሉ ሜትር ብሎ ላከ፣ ማን ይስተዋል? አንድ ሰው ብቻ ገበር አለ። ያ ከመንገድ ማዶ ያለው ሰውዬ።» ትንፋሹን ሳበ። «ባንቺ ፊደል።»

«በእኔ?»

«ያንቺን እጅ ላጣው ነው? ዋና አዘጋጁ ቅጹንና ያንቺን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ 'ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?' አለኝ። ሰው ሁሉ እያየ።»

«አሳየኝ።»

«መሳቢያው ውስጥ ቆልፎበታል፣ ምን አሳይሻለሁ?»

«ጋሼ፣ በእናታችን፣ አልሰጠሁትም።»

«ርዕሱንስ ማን ነው ያመጣው?»

እኔ ከማዶ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። እስቲ አንድ ጊዜ ያኔ እኔ በነበርኩበት ሆናችሁ እዩት፦ ገበርን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አክስቴም አሁን ገበር ነው ብላለች፤ አባቴ ግን መልሱ ሜትር ነው ይላል። ታዲያ የሚዋሸው ማን ነው? አባቴ፣ ብዕሩ እንዳትሄድበት፣ ልብስ ሰፊው እንዳያሸንፍ መልሱን ቀየረ። በቃ፣ አባቴ አጭበርባሪ ነው። ይህን ካሰብኩ በኋላ የቀረውን ንግግር አልሰማሁትም፤ ጆሮዬ ውስጥ ይጮህ ነበር።

አባቴ ወጥቶ መንገዱን ተሻገረ። ተከተልኩት። አክስቴ ከኋላችን መጥታ የሱቁ ደፍ ጋ ቆመች።

«ወደ ጎን ሰባት ላይ ምን ጻፍክ?» አለው አባቴ።

«ሜ…» ብሎ ልብስ ሰፊው ሊቀጥል ሲል፣ አባቴ «ገበር ነው የጻፍከው» አለው።

ልብስ ሰፊው ወደ እኔ አየ። እኔ የመተኮሻውን ጠረጴዛ ጥግ ይዤ ቆሜያለሁ። አየኝ፣ አየኝና ፈገግ አለ።

«አዎ» አለ። «ተሳስቼ ይሆናላ ጋሼ።»

«ጽሑፉ የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ያንተንማ አውቀዋለሁ፣ ዶሮ ናት የምትጽፍልህ።»

«ተጠንቅቄ ጻፍኳት።»

«ገበርን ከየት አመጣኸው?»

«ከጭንቅላቴ ነዋ። ልብስ ሰፊ አይደለሁ?»

ውሸታም፣ አልኩ በሆዴ። ያን ሁሉ ተጨንቄ የጻፍኩትን የእኔ ነው ይላል። በዚያች ደቂቃ ሁለት ሰው ጠላሁ፣ አባቴንና እሱን።

ልብስ ሰፊው ያን ጊዜ የመሰለው ነገር ይህ ነው፦ ልጁ ሲገለብጥ ተሳስቷል፣ እኔ ሽልማት አጥቻለሁ፣ አባቱ ተናዷል፣ ልጁን ለምን አስቆጣዋለሁ። ትንሽ ነገር አድርጎ ነው የያዘው። ገበር ከየትኛው ወረቀት እንደመጣ፣ ፊደሉ የማንን እንደሚመስል ማንም አልነገረውም። «የእኔ ነው» ሲል አባቴ የሰማው አክስቴን ሲሸፍን ነው። አክስቴ የሰማችው ደግሞ ሌላ ነው። ኋላ እንዳወቅኩት፣ እኔ ትምህርት ቤት፣ አባቴ ቢሮ በሆንን ሰዓት ልብስ ሰፊው ቤታችን እየመጣ፣ እሷ ስታሰምር ከማዶ ይቀመጥ ነበር። በእኔ ወንበር ላይ። እና እሷ ደፉ ላይ ቆማ ያሰበችው፣ ለካ ሲያወራኝ ወረቀቴን እያነበበ ነበር፣ ፊደሌንም ሳይቀር አጥንቶ ለሽልማት ሸጠኝ የሚል ነው። አንድም ጥያቄ አልጠየቀችውም። ዞራ መንገዱን ተሻገረች።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሰፊው መጣ፣ በራችንን አንኳኳ። «የለችም በለው» አለችኝ አክስቴ ከውስጥ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። ደስ አለኝ፤ እኔም ተቀይሜዋለሁና።

«የለችም።»

ተቀመጠ፣ ተረከዙ ላይ፣ ፊቴ ፊቱ ጋ እንዲደርስ። ጢሙን አልተላጨም። «አለቃዬ፣ ያን ቅጽ ስትገለብጥ የቀየርከው ነገር አለ? አልቆጣህም።»

መዝገበ ቃላቱ በእኔ ጥፋት ነው የቀረው ሊለኝ ነው ብዬ አሰብኩ። አሁን ደግሞ ጥፋቱ ሲሆን የእኔ ሊሆን።

«የለም» አልኩት።

«ምንም?»

«ምንም።»

ራሴን ዳበሰኝ። «እሺ ጎበዝ» አለና ተነስቶ ሄደ።

አባቴ መስቀለኛዋን ተነጠቀ። ከጋዜጣው አላባረሩትም፤ ቢያባርሩት ይሻለው ነበር። ሌላ ሰው የሠራትን እያረመ እንዲቀጥል አደረጉት፣ ማብራሪያዋን ጭምር፣ እስከ ጡረታው። አክስቴን ውጪ አላላትም። «እሱ ጋ ከሄድሽ ሸጥሽኝ ማለት ነው፤ ካልሄድሽም አምኜ አንድ ቤት አልኖርም» ነው ያላት። ሰኞ ጠዋት ጥፍሬን ቆረጠችልኝ፣ አንገቴን በሳሙና አሸችኝ፣ ሻንጣዋን አነሳች። ለሳምንት የምትሄድ መስሎኝ ከረሜላ አምጪልኝ አልኳት። «እሺ» አለችኝ። ሌላ ከተማ የቀያሾች ቢሮ ገባች፤ እስካሁን እዚያው ካርታ ታሰምራለች። አላገባችም።

እኔ አባቴን አጭበርባሪ ነው ብዬ ዘጠኝ ዓመት ኖርኩ። በአንድ ማዕድ እየበላሁ። አስራ ሰባት ዓመቴ ላይ ለትምህርት ቤት ሥራ ብዬ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የጋዜጣውን ጥራዝ አገላበጥኩ። ያቺን ቅዳሜ አገኘኋት። ወደ ጎን ሰባት፦ «አንገት ላይ ተንጠልጥሎ የሚውል መለኪያ»። ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ገበርም አለች፣ አባቴ እንዳለው። ጥራዙን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥኩ። ጠባቂዋ «ልንዘጋ ነው» ብላ ሁለቴ ነገረችኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ማታ እራት ላይ አፌን ከፈትኩ፣ አባቴ «ምን ሆንክ?» አለኝ፣ «ጨው በዝቶበታል» አልኩ። በቃ ይኸው ነው የእኔ ጀግንነት።

ባለፈው ዓመት ልብስ ሰፊውን ፈልጌ አገኘሁት። ሌላ ሰፈር ትልቅ ሱቅ አለው፤ ሁለት ሴት ልጆቹ አብረውት ይሰፋሉ። ሱሪ ላሳጥር ብዬ ገባሁ። ተንበርክኮ እየለካኝ፣ ቀና ሳይል፣ «አክስትህ ደህና ናት?» አለኝ።

«እኔ ነበርኩ» አልኩት። «የአክስቴን ወረቀት አይቼ… እኔ ነኝ የቀየርኩት።»

«በሩ ላይ ስትዋሸኝ ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

መርፌ ቁልፎቹን ከአፉ አንድ በአንድ አወጣና ሱሪው ላይ ሰካቸው። «የስምንት ዓመት ልጅ አንገቱን ይዤ ልጎትት? ደግሞ…» አለና አቆመ። «እሷም አልጠየቀችኝም። አንድ ጊዜ ወጥታ 'አድርገኸዋል?' ብትለኝ ይበቃኝ ነበር። ያለ ጥያቄ ካመነችብኝ፣ ምን ልከራከር?» ከዚያ ተነሳ። «ለሐሙስ ይደርሳል። ልጆቼ ፊት ይሄን ነገር አታንሳብኝ።»

አሁን አባቴ ዓይኑ ደክሟል። ጠዋት ጠዋት ፍንጩን አነብለታለሁ፣ እሱ ይመልሳል፣ እኔ እሞላለሁ። ባለፈው ሳምንት በመሃል ቆም አለና፣ «ደውልላት» አለኝ። «ለማን?» «ለእህቴ። ይቅር ብያታለሁ በላት። ልጅነት ነው፣ ፍቅር ነው፣ ማን ያላጠፋ አለ? መጥታ አጥፍቻለሁ ትበለኝና ይብቃ።»

ደወልኩ። ነገርኳት። በስልኩ ውስጥ መኪና ሲያልፍ፣ ሰው ሲስቅ ይሰማኛል።

«ይቅር አለኝ?» አለች በመጨረሻ።

«አዎ እትዬ።»

«አስራ ዘጠኝ ዓመት አልሠራሁም ብያለሁ። ሰለቸኝ። አጥፍቻለሁ እለዋለሁ፣ ምን አለበት፣ ወንድሜን ልየው።» ከዚያ ጨመረች፣ «ያ ሰውዬ ነው እንጂ የበደለኝ፣ ጋሼ ምን አደረገ?»

ነገ ትመጣለች። አባቴ ዛሬ ጠዋት ጢሙን ተላጨ፣ ነጩን ሸሚዝ ተኩስልኝ አለኝ። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ብናገር፣ የገዛ እህቱን በከንቱ እንዳባረረ በዚህ ዕድሜው ያውቃል፤ እሷም ያልከዳትን ሰው ሳትጠይቅ እንደተወችው፣ እሱም የሌላ ሴት ባል የልጆች አባት እንደሆነ ታውቃለች። ዝም ካልኩ ደግሞ ያሳደገችኝ ሴት እኔ ላጠፋሁት ጥፋት፣ እኔው ፊት ቆማ አጥፍቻለሁ ትላለች፣ እነሱም ይታረቃሉ፣ ምሳም እንበላለን። እናንተ ብትሆኑ ትናገራላችሁ፣ ወይስ ይቅርታ ስትጠይቅ ቆማችሁ ታዩዋታላችሁ?